ኮድ 4 ሰሌዳ፣ ማለትም የመንግሥት መኪና፣ ኤሌክትሪክ ይሁን? ለተጠራጣሪ የስምሪትና የግዥ ሰዎች የንጽጽር መመሪያ

ግቢው ውስጥ ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ቆመዋል። አንደኛው ከሃያ ዓመት በላይ ያገለገለ ሃርድቶፕ ነው፤ በሩ ሲዘጋ ጥበቃ ቤቱ ድረስ ይሰማል። ሌላው ከቻይና የመጣ ነጭ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ነው። ሾፌሩ ገመዱ የሚሰካበትን ቦታ በማዳበሪያ ጠቅልሎ በሲባጎ አስሮታል፣ ዝናብ እንዳይገባበት። መኪናው ዝናብ እንዲችል ሆኖ መሠራቱን ነገርኩት። «ይችላል ይላሉ» አለኝና ማዳበሪያውን ይበልጥ አጠበቀው።

ይህን መመሪያ የምጽፈው እንደ እሱ ላሉ ሰዎች ነው። እኔም የስምሪት ወረቀት ስፈርም ብዙ ዓመት የኖርኩ ነኝ። የኤሌክትሪክ መኪና ለመሥሪያ ቤት ይገዛ ሲባል መጀመሪያ ከተጠራጠሩት አንዱ ነበርኩ። ጥርጣሬዬ ዛሬም አለ፤ ቦታውን ግን ቀይሯል። ድሮ የምጠራጠረው መኪናውን ነበር፤ አሁን የምጠራጠረው አገዛዛችንን ነው፣ የግዥውን ማለቴ ነው። ለሥራ አስኪያጅ፣ ለመስክ ባለሙያ፣ ለተላላኪና ለአምቡላንስ በአንድ ሰነድ አንድ ዓይነት መኪና የሚገዛ መሥሪያ ቤት ናፍጣም ቢገዛ ይከስራል፣ ኤሌክትሪክም ቢገዛ ይከስራል።

መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉ ከተነገረ ወዲህ «ታዲያ ምን ምርጫ ቀረን?» የሚል አለ። ምርጫ አለ። ክልከላው የቆመው ጉምሩክ በር ላይ ነው፤ ግቢያችን ውስጥ ያሉትን አሮጌ መኪኖች አላስወጣም። ጠግኖ ማቆየት፣ ለመስክ ሥራ መከራየት፣ የመኪናውን ቁጥር መቀነስ፣ የትኛው ይቅደም የትኛው ይቆይ ማለት፣ ይህ ሁሉ አሁንም በመሥሪያ ቤቱ እጅ ነው።

የትኛው ጥርጣሬ ሚዛን ይደፋል?

በጣም ከሚሰማው ልጀምር፤ «መብራት በሚጠፋበት አገር የኤሌክትሪክ መኪና!» ይባላል። የኃይል ማመንጫ ጉዳይ ከሆነ 5,150 ሜጋዋት እንዲያመነጭ የተሠራው የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ችግራችን ያለው ከግድቡ በታች፣ በማከፋፈያ መስመሩና በሰፈሩ ትራንስፎርመር ላይ ነው። ሆኖም አስቡት። በአንድ ሙሌት 300 ኪሎሜትር የሚሄድ መኪና አዲስ አበባ ውስጥ በቀን 50 ኪሎሜትር ቢሠራ፣ አንድ ሌሊት መብራት ጠፍቶ ቢያድር ከሥራ አይቀርም። ሁለት ሌሊት ቢጠፋም አይቀርም። ማደያ ሰልፍ ላይ ያደረ ሹፌር ግን በማግሥቱ ሥራ እንደማይወጣ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ይህ ጥርጣሬ ከተማ ውስጥ ቀላል ነው። ቻርጀር ቀርቶ ቋሚ መስመር የሌለበት ወረዳ ላይ ሲደርስ ግን ከሁሉም የከበደ ይሆናል።

«ዳገት አይችልም» የሚለውን በቶሎ እንለፈው፤ ተገላቢጦሽ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትርን አልፋ የተቀመጠች ከተማ ናት፣ አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር በዚህ ከፍታ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛውን ገደማ ያጣል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይስብ ምንም አይጎድልበትም። ሽሮሜዳን ሲወጣ ያየው ሰው ያውቀዋል።

«ባትሪው ይሞታል» ለሚለው ግማሽ መልስ አለኝ። አብዛኛው አምራች ለባትሪው የ8 ዓመት ወይም የ160,000 ኪሎሜትር ዋስትና ይሰጣል፤ ይህም የመያዝ አቅሙ ከ70 በመቶ በታች ቢወርድ ማለት ነው። ለግለሰብ ይህ ይበቃል። መንግሥት ቤት ግን መኪና ስምንት ዓመት ሲሞላው «አዲሱ መኪና» ነው የሚባለው። የእኛ መኪኖች ሃያ ዓመት ይሠራሉ፣ ከዚያም በሐራጅ ወጥተው የሌላ ሰው እንጀራ ይሆናሉ። ከዘጠነኛው እስከ ሃያኛው ዓመት ያለውን ማን ይሸፍነዋል? አሮጌ ሃርድቶፕ በሐራጅ የሚያወጣው ዋጋ ዛሬም ያስደንቃል። የኤሌክትሪክ መኪና ዋጋ ግን ሲያረጅ በፍጥነት ይወድቃል። ኸርዝ የተባለው የአሜሪካ የመኪና አከራይ ኩባንያ በ2024 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ 20,000 ያህል የኤሌክትሪክ መኪኖችን ለመሸጥ የወሰነው ከግጭት በኋላ ያለው ጥገና ስለተወደደበትና ሽያጩም ስለረከሰበት ነው። ይህ ጥርጣሬ ክብር ይገባዋል።

ከሁሉ የሚበልጠው የመለዋወጫ ጥርጣሬ ነው። ሞተሩ እምብዛም አይበላሽም፤ የሚሰበረው የፊት መብራት፣ የጎን መስታወት፣ የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ ነው። አንድ የማውቀው መሥሪያ ቤት ባጃጅ የገጨውን አውቶሞቢል ለአንዲት የፊት መብራት ብሎ ወራት አቁሞታል። ከተማችን ውስጥ በብዛት ከሚታዩት የቻይና ሥሪት መኪኖች ብዙዎቹ የገቡት በአምራቹ ወኪል በኩል አይደለም፤ ነጋዴ ከቻይና ገበያ ገዝቶ ያመጣቸው ናቸው። እነዚህ መኪኖች ማያ ገጻቸው በቻይንኛ ይናገራል፣ ዋስትናቸው ቻይና ቀርቷል። አምራቹ ራሱ ቢዘጋስ? በ2023 እ.ኤ.አ. ቻይና ውስጥ ደብሊው ኤም ሞተር፣ አሜሪካ ውስጥ ደግሞ የከተማ አውቶቡስ አምራቹ ፕሮቴራ የኪሳራ ፋይል ከፍተዋል። የፕሮቴራን አውቶቡሶች የገዙ ከተሞች መለዋወጫ ፍለጋ ተንከራተዋል። አሜሪካ እንዲህ ከሆነ እኛ ዘንድ ምን እንደሚሆን ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

ጮክ ተብሎ የማይነገር ጥርጣሬም አለ። የነዳጅ ኩፖን። ናፍጣ በቱቦ ከታንከር ወደ ጀሪካን ይወርዳል፣ ከጀሪካን ወደ ሰው ኪስ ይገባል። ኤሌክትሪክን በጀሪካን መቅዳት አይቻልም። በስብሰባ ላይ ስለ ባትሪ ዕድሜ ከሚጨነቁት ውስጥ ሁሉም ስለ ባትሪ አይጨነቁም ብል ሐሜተኛ አትበሉኝ።

ሒሳቡ በኪሎሜትር እንጂ በማዕረግ አይሠራም

በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ ላይ የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ ከ100 ብር አለፈ። የኤሌክትሪክ ታሪፍም ከዚያው ዓመት መጀመሪያ ጀምሮ በአራት ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ እንዲያድግ ተወስኗል። ስለዚህ የዛሬን ዋጋ ይዞ ማስላት አያዛልቅም። ለምሳሌ ያህል ቤንዚን በሊትር 120 ብር፣ ኤሌክትሪክ ደግሞ በኪሎዋት ሰዓት 10 ብር ነው ብለን እናስብ። እርስዎ በራስዎ ዋጋ ይተኩት።

በዓመት 15,000 ኪሎሜትር ከተማ ውስጥ የሚሮጥ የደብዳቤና የግዥ መኪና አለን እንበል። በ100 ኪሎሜትር 9 ሊትር ከበላ በዓመት 1,350 ሊትር፣ ማለትም 162,000 ብር ነው። ተመጣጣኙ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ሲሞላ የሚባክነውን ጨምሮ በ100 ኪሎሜትር 18 ኪሎዋት ሰዓት ቢወስድ 2,700 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ 27,000 ብር። ልዩነቱ 135,000 ብር ይሆናል። ኤሌክትሪኩ ሲገዛ በ600,000 ብር ቢበልጥ ከአራት ዓመት ተኩል ባነሰ ጊዜ ይመልሳል።

አሁን የኃላፊውን መኪና እንይ። ጠዋት ከቤት ቢሮ፣ ማታ ከቢሮ ቤት፣ አልፎ አልፎ ስብሰባ። በዓመት 6,000 ኪሎሜትር። በዚሁ ስሌት ቁጠባው 54,000 ብር ሲሆን ያው 600,000 ብር የሚመለሰው ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ነው፤ የባትሪው ዋስትና ካለቀ በኋላ ማለት ነው። ባየኋቸው መሥሪያ ቤቶች አዲሱ የኤሌክትሪክ መኪና መጀመሪያ የሚሰጠው ለማን ነው? ለኃላፊው። ቀኑን ሙሉ የሚሮጠው ግን አሮጌውን ቤንዚን ይዞ ይቀጥላል። ከዚያ «ኤሌክትሪክ አላዋጣንም» የሚል ሪፖርት ይጻፋል።

ኤሌክትሪክ ሲሆን የሞተር ዘይት፣ የዘይት ፊልትሮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ የሚባል ወጪ አይኖርም። መኪናው ፍጥነት ሲቀንስ በሞተሩ ስለሚይዝ የፍሬን ሸራም ብዙ ይቆያል። ጎማ ግን ቶሎ ያልቃል፣ ባትሪው ከባድ ነው። የጎማ በጀት የቀነሱ ይጠንቀቁ።

አንድ ነገር ደግሞ ከግለሰብ ጋር ስንነጻጸር የምንስተው አለ። የገንዘብ ሚኒስቴር በ2014 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎችን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነፃ አድርጎ የጉምሩክ ቀረጡን ተገጣጥሞ ለመጣ 15 በመቶ፣ በከፊል ለተገጣጠመ 5 በመቶ፣ ሙሉ በሙሉ ተበታትኖ ለመጣ ዜሮ ሲያደርግ ለግል ገዢ ትልቅ ቅናሽ ሆነ። ለመንግሥት ግን ታክስ ከቀኝ ኪስ ወደ ግራ ኪስ የሚሄድ ገንዘብ ነው። ስለዚህ ጎረቤትዎ «እኔን አዋጥቶኛል» ቢልዎት እውነቱን ነው፤ ለአገር በጀት ማስረጃ አይሆንም። ለአገር እውነተኛው ቁጠባ ለነዳጅ የማይወጣው ዶላር ነው። ይህ ደግሞ በአንድ መሥሪያ ቤት ሒሳብ ላይ አይታይም። ግዥው ከካፒታል በጀት ይወጣል፣ ቁጠባው መደበኛ በጀት ላይ ይመጣል፣ ሰኔ 30 ሲደርስ የተረፈው ተመላሽ ይሆናል። ለመቆጠብ የሚጓጓ ኃላፊ ማግኘት ለምን እንደሚከብድ ከዚህ ይገባችኋል።

ከመኪና በፊት መዝገቡን ይክፈቱ

አንድ ጊዜ የሦስት ወር የስምሪት ወረቀት ጠረጴዛ ላይ አፍስሰን በየመኪናው ደረደርነው። የአንዳንዱ ወረቀት ቡና ፈሶበታል፣ የአንዳንዱ የመነሻ ኪሎሜትር ከመድረሻው ይበልጣል፤ ወደ ኋላ የሄደ መኪና አለን ማለት ነው። ያም ሆኖ አንድ ነገር ቁልጭ ብሎ ወጣ። «ያለ ናፍጣ አይሆንም» ከተባሉት መኪኖች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በሦስቱ ወር ከከተማ አልወጡም። ፒክአፖቹ ሰው ወደ ስብሰባ ያመላልሳሉ። ባለ አራት ጎማ ጉልበቱን የነካው የለም።

ለእያንዳንዱ መኪና ሦስት ቁጥር ብቻ ያውጡ። በተለመደ ቀን ስንት ይሄዳል? በከፋው ቀን ስንት ሄዷል? ሲያድር የት ያድራል? ሁለተኛው ቁጥር ላይ አይደንግጡ። በዓመት ሁለት ጊዜ ሐዋሳ የሚሄድ መኪና የሐዋሳ መኪና አይደለም፤ ለሁለቱ ቀን ሌላ መኪና ይመደብለታል። መዝገብ የሌለው መሥሪያ ቤት ደግሞ ምንም አይግዛ።

አማራጮቹ ሲነጻጸሩ

የሠራተኛ ሰርቪስ። አንድ ነገር ብቻ ኤሌክትሪክ አድርግ ብባል ይህን እመርጣለሁ። ጠዋት ሰው ያመጣል፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ገደማ ግቢ ውስጥ ይቆማል፣ ማታ ሰው ይመልሳል። መንገዱ አይለወጥም፣ ኪሎሜትሩ አይለወጥም። ትልቅ አውቶቡስ በኪሎሜትር 1.2 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። በቀን 80 ኪሎሜትር ቢሠራ ወደ 100 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ባለ 20 ኪሎዋት ቻርጀር በቀኑ ሰባት ሰዓት ውስጥ ተዝናንቶ ይሞላዋል። የቻይናዋ ሼንዘን ከተማ በ2017 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ከ16,000 የሚበልጡ የከተማ አውቶቡሶቿን በሙሉ ኤሌክትሪክ ያደረገችው በዚሁ ጠባይ ነው፤ ቋሚ መስመር፣ ቋሚ ማደሪያ። ትልቁ አምራች ቢዋይዲ እዚያው ከተማ ውስጥ መሆኑና የመንግሥት ድጎማው መብዛቱም አይረሳ። እኛም ደብረ ብርሃን ላይ የኤሌክትሪክ ሚኒባስ ይገጣጠማል። ለመለዋወጫ ስንል ከሩቁ ይልቅ ወደ ቅርቡ ማዘንበል ሞኝነት አይሆንም።

የከተማ አውቶሞቢል። ብዙ የሚሮጠው ይቀየር፣ የቆመው ይቆይ። ከላይ ያለው ሒሳብ ይበቃል። የአሜሪካ ፖስታ አገልግሎት ታሪክ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ከ1987 እስከ 1994 እ.ኤ.አ. የተሠሩ፣ አየር ማቀዝቀዣ እንኳን የሌላቸው መኪኖቹን ለመተካት ሲነሣ ከአዲሶቹ ኤሌክትሪክ የሚሆኑት 10 በመቶ ያህል ብቻ ናቸው ብሎ ነበር፤ ምክንያቱ ገንዘብ ነው። ብዙ ተወቀሰ፤ የፖስታ መኪና በቀን አጭር መንገድ እየቆመ እየተነሣ የሚሄድ፣ ማታ አንድ ቦታ የሚያድር ነውና ለኤሌክትሪክ ከሱ የሚመች የለም። በ2022 እ.ኤ.አ. መጨረሻ፣ ምክር ቤቱ 3 ቢሊዮን ዶላር ካጸደቀለት በኋላ፣ እስከ 2028 ድረስ 66,000 የኤሌክትሪክ መኪና እገዛለሁ አለ። መኪናው በመካከሉ ያን ያህል አልተለወጠም፤ የተለወጠው ከፋዩ ነው።

በሶኬት የሚሞላ ሃይብሪድ። ወረቀት ላይ አስታራቂ ይመስላል፤ ከተማ በባትሪ፣ መስክ በነዳጅ። ለመንግሥት ቤት ግን ከአማራጮቹ ሁሉ የምፈራው እሱን ነው። የአውሮፓ ኮሚሽን መንገድ ላይ ካሉ መኪኖች በተሰበሰበ መረጃ በ2024 እ.ኤ.አ. እንዳወጣው እነዚህ መኪኖች በተግባር የሚለቁት ካርቦን በላቦራቶሪ ከተለካው በአማካይ 3.5 እጥፍ ያህል ይበልጣል። ዋናው ምክንያት ባለቤቶቹ በታሰበው ልክ አለመሙላታቸው ነው። በገዛ ገንዘቡ የገዛው ሰው ካልሞላው ኩፖን በነፃ የሚሰጠው ሾፌር ማታ ወጥቶ ገመድ ይሰካል? ሁለት ሞተር ይገዛሉ፣ በአንዱ ይነዳሉ፣ ለሁለቱም ይጠግናሉ። ኩፖኑን በግማሽ መቁረጥ የማይደፍር መሥሪያ ቤት አይግዛው።

ሶኬት የሌለው ሃይብሪድ ግን ጸባየ መልካም ነው። ከማንም ምንም ልማድ አይጠይቅም። በከተማ ትርምስ ውስጥ በ100 ኪሎሜትር 5 ሊትር ገደማ ይበቃዋል። ዛሬ ግቢዎ ውስጥ ካለ አይሽጡት።

የመስክ ፒክአፕና ሃርድቶፕ። እዚህ ላይ ተጠራጣሪው ልክ ነው፣ እኔም ከእሱ ጋር ነኝ። ባለ ሁለት ታንከሩ ረጅም ሃርድቶፕ 180 ሊትር ናፍጣ ይዞ ከ1,000 ኪሎሜትር በላይ ይሄዳል፤ ያልቅበት ቢባል እንኳን ናፍጣ በበርሜል ይደርሰዋል። 80 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ የጫነ የኤሌክትሪክ ፒክአፕ በኮረኮንች መንገድ ጭነት ይዞ በ100 ኪሎሜትር 30 ኪሎዋት ሰዓትና ከዚያ በላይ ይበላል። ከ270 ኪሎሜትር አያልፍም ማለት ነው፣ ደርሶ መልስ። በርሜል የሚያመጣለት የለም። የአፋርና የጋምቤላ ሙቀትም ለባትሪ ወዳጅ አይደለም።

አንድ የማይጠበቅ ነገር ላንሣ። የዓባይን በረሃ ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን ስንሻገር መንገዱ 1,400 ሜትር ያህል ይወርድና መልሶ ያንኑ ያህል ይወጣል። ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና ያን ያህል ከፍታ ለማንሣት ብቻ ወደ 8 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል፤ ሜዳ ላይ 50 ኪሎሜትር ገደማ የሚያስኬድ ነው። ቁልቁለቱ ደግሞ ከዚህ ውስጥ ጥሩ ድርሻውን ይመልሳል፣ ባትሪው ቦታ ካለው። ጎሐ ጽዮን ላይ መቶ በመቶ ሞልቶ ቁልቁል የጀመረ መኪና የሚመለሰውን ኃይል የሚያስቀምጥበት ስለሌለው ፍጥነት የሚይዘው በተለመደው ፍሬን ብቻ ይሆናል። ሾፌሩ የለመደው መያዝ ድንገት ሲጎድልበት ይደነግጣል። ከቁልቁለት በፊት መሙላቱን 80 በመቶ ላይ ማቆም ይበቃል። ይህን የሚያስተምር ሥልጠና ከግዥው ጋር ካልተገዛ ግዥው ጎዶሎ ነው።

አምቡላንስ። የወረዳ አምቡላንስ መቼ እንደሚነሣ አይታወቅም። ምጥ የያዛትን እናት አድርሶ ተመልሶ ገና ሳይቆም ሌላ ጥሪ ይመጣል፣ በሌላ አቅጣጫ፣ በሌላ ጭቃ። «ትንሽ ሞልቶ ይነሣ» የሚባል ነገር እዚያ የለም። ሆስፒታል ከሆስፒታል በሽተኛ የሚያዛውር የከተማ አምቡላንስ ሌላ ነገር ነው፤ እሱ ይቻላል። በወረዳው ላይ ግን ሌላው ሁሉ ተቀይሮ ካለቀ በኋላ በመጨረሻ ይታሰብ።

የቆሻሻ መኪና። ሥራው ለኤሌክትሪክ የሚመች ይመስላል፣ ቆም ነሣ ነው። ኒው ዮርክ ግን ችግር ገጠማት። የከተማዋ የቆሻሻ መኪኖች ክረምት ላይ በረዶ መጥረጊያ ይገጠምላቸዋል። በ2022 እ.ኤ.አ. የተሞከሩት የኤሌክትሪኮቹ በረዶ ሲገፉ ከአራት ሰዓት ገደማ በኋላ አለቁ፤ የሚፈለገው አሥራ ሁለት ሰዓት ነበር። እኛ በረዶ የለንም። የእኛ መኪኖች ግን ከመደበኛ ሥራቸው ውጭ ምን እንደሚሠሩ ሳይጠይቁ አይግዙ። የመዘጋጃ ቤት መኪና በጎርፍ ጊዜ ምን ይጭናል? በበዓል ጊዜስ ማን ይወስደዋል?

አሮጌውን ማደስ። ብዙ ጊዜ ይናቃል። ሞተር አውርዶ መሥራት ከአዲስ መኪና ዋጋ ጥቂቱ ነው፣ መካኒኩም መለዋወጫውም ሰፈር ውስጥ አለ። ለመስክ መኪና ዛሬ ያለው ትክክለኛ አማራጭ ይህ ነው። ለከተማ መኪና ግን ማደስ ነዳጁን አይቀንሰውም።

ምጣዱና ቻርጀሩ

ወደ ግቢያችን ልመለስ። ቻርጀሩ በተተከለ ሰሞን ሐሙስ ሐሙስ ቆጣሪው ጋ ያለው ማብሪያ ማጥፊያ እየዘለለ አስቸገረን። ቴክኒሻን መጣ፣ መኪናውን ጠረጠረ፣ ገመዱን ጠረጠረ። በኋላ ነገሩን ያወቀችው የክበቡ እናት ናት። «ልጄ፣ እኔ ሁለቱን ምጣድ ስጥድ ነው እኮ የሚጠፋው» አለችው። አንድ ምጣድ ወደ 3.5 ኪሎዋት ይስባል፤ ሁለት ምጣድ አንድ 7 ኪሎዋት ቻርጀር ማለት ነው። እንጀራው ወደ ማታ አይዛወርም፤ መኪናው ተዛወረ።

ከዚህ የተማርኩትን በቁጥር ላስቀምጠው። ሃያ መኪና ያለው መሥሪያ ቤት «ሃያ ቻርጀር በ7 ኪሎዋት፣ 140 ኪሎዋት፣ አዲስ ትራንስፎርመር» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ሲጓተት መኪኖቹ ሸራ ለብሰው ይቆማሉ። ግን እያንዳንዱ በቀን 50 ኪሎሜትር ቢሄድ የሚፈልገው 9 ኪሎዋት ሰዓት ነው፣ ሃያው ሲደመር 180። ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት ቢከፋፈል በአማካይ 18 ኪሎዋት፣ አምስት ምጣድ አንድ ላይ እንደተጣደ ያህል ነው። አራት ቻርጀር ይበቃል፤ እያንዳንዱ መኪና በአምስት ሌሊት አንዴ ተራ ይደርሰዋል። የሚያስፈልገው ትራንስፎርመር ሳይሆን ተራ ነው፣ ተራውን የሚያስከብር የሌሊት ጥበቃም። ለጥበቃው ትንሽ አበል ይጨመርለት፤ ከትራንስፎርመር ይረክሳል።

ጨረታ ሰነዱ ላይ

«ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበ ያሸንፋል» ብቻ ከተባለ የሚመጣው ወኪል የሌለው መኪና ነው። ሰነዱ ውስጥ እነዚህ ሳይጻፉ አይፈርሙ፦ የባትሪ ዋስትናው አገር ውስጥ በማን፣ በየትኛው ጋራዥ እንደሚፈጸም፤ የፊት መብራት፣ መስታወትና የመሙያ ሶኬት በመጋዘን ስለመኖራቸው፤ ማያ ገጹ ቢያንስ በእንግሊዝኛ ስለመሆኑና ያለ አምራቹ የስልክ መተግበሪያ መኪናው ስለመሥራቱ። የሶኬቱ ዓይነትም አንድ ይሁን። የቻይናውና የአውሮፓው መሙያ አይገጥሙም፤ አንዱን መርጦ መጽናት ነው። ብርቱካናማውን የከፍተኛ ቮልቴጅ ገመድ የሚነካ መካኒክ ስንት ሠልጥኗል የሚለውን ደግሞ በቃል አይቀበሉ፣ የምስክር ወረቀት ይጠይቁ። ከ400 ቮልት ጋር ቀልድ የለም።

አንድ ነገር ቀረኝ፣ እስካሁንም በቅጡ ያልፈታነው። መኪናውን ይዞ ቤቱ የሚያድር ሾፌር ገመዱን ከገዛ ቤቱ ይሰካል፤ ቆጣሪው የካርድ ነው፣ ሒሳቡን የሚሞላው እሱ ነው። ባለ ማዳበሪያው ሾፌር አንድ ቀን ካርድ የሞላበትን ደረሰኝ ይዞልኝ መጣ። ለዚህ የተዘጋጀ ቅጽ አልነበረንም። የነዳጅ መጠየቂያውን አወጣን፣ «ሊትር» የሚለውን በእስክሪብቶ ሰርዘን ከላዩ «ኪሎዋት ሰዓት» ብለን ጻፍንበት፣ ፈረምኩለት። ሒሳብ ክፍል ሁለት ጊዜ መለሰው፣ በሦስተኛው ከፈለው። ቅጹ ዛሬም ያው ነው፤ እየሰረዝን እንጽፍበታለን።